እንገር ቀምሰናል፤ ገንቦው ቀርቶናል

ደሴ፣ ኅዳር 3

ለምወድሽ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እናትሽ እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። መጥፋቴን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ይቅር በይኝና እንለፈው። ስንገናኝ እስኪወጣልሽ ትቆጪኛለሽ። አሁን ብዕር ያስነሳኝ ግማሹ ደስታ፣ ግማሹ ልመና ነው። ልመናው ትንሽ ስለሚያሳፍረኝ ወደ ኋላ ላቆየውና ከደስታው ልጀምር።

ላማችን ወለደች! ጥጃዋ ሴት ናት፣ እንደ እናቷ ቦራ። እንገሩንም ሰፈሩ ሁሉ ቀመሰው።

አዲስ አበባ አስረስቶሽ እንደሆነ ላስታውስሽ፤ እንገር፣ ላም እንደወለደች የምትሰጠው የመጀመሪያው ወተት፣ ከሁሉ በፊት የጥጃዋ ነው። በተወለደች በመጀመሪያው ሰዓት፣ ቢዘገይ በሁለተኛው ቆማ መጥባት አለባት። በሽታ የምትከላከልበትን አቅም ከሆድ ይዛው አትወጣም፤ ከእንገሩ ነው የምታገኘው። አንጀቷም ያንን አቅም የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ይዘጋል። በዚያች ቀን የክብደቷን አንድ አሥረኛ ያህል ትጥባ፤ 25 ኪሎ ብትሆን 2 ሊትር ተኩል መሆኑ ነው። እሷ ጠግባ የተረፈው የሰው ነው። እስከ 4 እና 5 ቀን ወፍራምና ቢጫ ሆኖ ይቆያል። እሳት ከበዛበት በአንድ አፍታ ተቋጥሮ ድስቱ ሥር ይይዛል፤ ስለዚህ ለስለስ ባለ እሳት፣ ቁንጥር ጨው ጣል አድርጎ፣ እጅን ሳያነሱ ማማሰል ነው። ከፍሙ የሚወርደውም ገና ረጋ ማለት ሲጀምር ነው፤ የቀረውን በራሱ ሙቀት ይጨርሳል።

በየቤቱ ልከን ዕቃው ሲመለስ አንዱም ባዶውን አልመጣም። ከታች ቤት እርጥብ ሣር ለላሟ፣ ከላይ ቤት ትኩስ ቆሎ፣ ከመስጊዱ ጥግ ካሉት ደግሞ ከቃሉ የመጣ ጥንቅሽ። አየሽ፣ አንዲት ላም ስትወልድ ሰፈር ሁሉ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚልበት ቦታ መኖርን እንደ ቀላል ነገር እንዳላየው ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድራችን፣ የተሰበሰበ ዕለት እንኳ ከጉዳዩ በፊት የተጠየቅሁት ስለ ጥጃዋ ነው።

ጠዋቱን ደግሞ ብታይው። ጀንበር መጀመሪያ የምትነካው የጦሳ ተራራን አናት ነው፤ እኛ ግቢ ገና ጥላ ነው፣ ብርዱም ጣት ያደነዝዛል። ጡቱን ለብ ባለ ውኃ አጥቦ ማድረቅ፣ ጥጃዋን ለጥቂት ጊዜ ማስጠባት፣ ወተቱ ሲወርድላት ገለል አድርጎ ማለብ። ያለ ጥጃዋ ካለብሻት ትይዘዋለች፤ የያዘችው ወተት ደግሞ ውሎ አድሮ ያደርቃታል። ብርሃኑ ቁልቁል ወርዶ ግቢያችን ሲደርስ ወተቱ ተጠልሎ፣ ጀበናው ተጥዶ ይጠብቀዋል። ይህችን ሰዓት በምንም አልለውጣትም። ስለ መኖዋ አላስረዝምብሽ፤ ድርቆሽ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ሲገኝም ከኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ የሚመጣው አተላ። አተላው ግን በብርድም ቢሆን ከ2 እና 3 ቀን በላይ አይቆይም፣ ይሻግታል፤ በአንዴ ሲበዛባትም ሆዷን ይነፋታል።

እሺ፣ ወደ ልመናው። ጽፌ ሰረዝኩት፣ ደግሞ ጻፍኩት፤ ይኸውልሽ እንግዲህ። እዚህ ደሴ ባለው ቤታችሁ፣ ማድቤቱ ጥግ ያለውን የእማማን መናጫ ገንቦ ያውሱኝ ይሆን?

ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ለዕቃ ብላ ጻፈች እንዳትይኝ። ቸኩያለሁ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ እስከ ገና ከ40 ቀን በላይ እኛ ቤት ወተት የሚጠጣ የለም። ላም ደግሞ ወተቷ ጣራ የሚነካው ከወለደች ከ4ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ከጾሙ ጋር ግጥም አለ። ጥጃዋ ድርሻዋን ወስዳ፣ የላይ ቤቶቹም የየቀናቸውን ገዝተው (እነሱ ባይኖሩ በየጾሙ ምን ይውጠን እንደነበር እንጃ)፣ በቀን 4 ሊትር ይተርፋል። የ3 ቀኑ ሲጠራቀም 12 ሊትር ነው። መናጫ ከግማሽ በላይ አይሞላም፣ ወተቱ የሚላተምበት ባዶ ቦታ ካላገኘ ቅቤ አይወጣም። ስለዚህ 25 ሊትር ገደማ የሚይዝ ዕቃ ያስፈልገኛል፤ የእኛ ቅል ለቤት እርጎ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ቢጫ ጀሪካን የሚንጡበት አሉ፤ እኔ ግን አልወደውም። ፕላስቲክ በፍም አይታጠንም፣ የትናንቱን ሽታ ይዞ ይቆያል፣ ውስጡን በእጅ ገብቶ ማጽዳትም አይቻልም። አዲስ ገንቦ ከገበያ ብገዛ ደግሞ ተሟሽቶ የአፈሩ ጣዕም እስኪለቀው ጾሙ ይጋመሳል። የእማማ ገንቦ ስንት ዓመት ቅቤ የጠጣ ነው!

ለማንም እንደማይሰጡት አውቃለሁ። ስለዚህ የሚቀጥለውን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው፣ ሰምተው ይፍረዱ።

እማማ፣ እንደምን አሉልኝ? ገንቦዎን እንዲህ ነው የምይዘው። ሳሙና አላስነካውም፤ ሸክላ የሳሙናውን ሽታ ይጠጣና መልሶ ለወተቱ ይሰጠዋል። በፈላ ውኃና በግራዋ ቅጠል ፈትጌ፣ ሦስቴ አለቅልቄ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቼ ፀሐይ ላይ አውለዋለሁ። ጠብታ እርጥበት እያለው አላጥነውም፤ እርጥብ ዕቃ ላይ ጭሱ ጥላሸት ሆኖ ይለጠፍና ወተቱን ያመረዋል። ወይራው የደረቀ፣ ጣት የሚያህል ፍልጥ ይሆናል። እሳት ይዞ ፍም ሲሆን ነበልባሉን አጥፍቼ እከተዋለሁ፣ አፉን ከድኜ እያገላበጥኩ ጭሱ ሁሉንም ጎን እንዲያገኘው አደርጋለሁ። እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ፍሙን አውጥቼ፣ አመዱን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ፤ አመድ ከቀረ ቅቤው ይጠቁራል።

የማለዳና የማታው ወተት ሳይቀዘቅዝ በረጋው ላይ አይጨመርም፤ ትኩሱ ሲገባበት ውኃና እርጎ ሆኖ ይለያያል። አሁን በኅዳር ብርድ እዚህ እኛ ዘንድ ለመርጋት 3 ቀን፣ አንዳንዴም 4 ይፈጃል። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ግን ያንኑ ወተት በአንድ ቀን ተኩል ታረጋዋለች፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነውና ካፖርቱም ይወልቃል፣ ወተቱም ይፈጥናል። ስለዚህ ቀን ቆጥሬ ሳይሆን ዕቃውን ዘንበል አድርጌ ነው የማየው፤ ከጎኑ በአንድነት ከተላቀቀ ደርሷል። ጭስ የበዛበት ዕቃም መርጋቱን ያዘገየዋል፤ በብርድ ወራት ማጠኑን ቀነስ የማደርገው ለዚህ ነው።

ስንጥ አፉን በኮባ ቅጠል ከድኜ በጠፍር አስረዋለሁ። ከሥሩ የተጠቀለለ ጨርቅ አነጥፋለሁ፣ ደረቅ መሬት ላይ አላስቀምጠውም፤ ይሰበራል ብለው አይስጉ። በመጀመሪያ አካባቢ አንገቱ ሥር ያለችውን ቀዳዳ ውታፏን እየነቀልኩ አስተነፍሰዋለሁ፣ አለዚያ አየሩ ታምቆ ክዳኑን ይገፋዋል። ወተቱ ከቀዘቀዘ አረፋ ብቻ ሆኖ ያብጣል፣ ቢወዘውዙት ቢወዘውዙት አይሆንም፤ ያን ጊዜ አንድ ኩባያ ለብ ያለ ውኃ ነው መድኃኒቱ። ትኩስ ውኃ ከሆነ ግን ቅቤው ይቀልጥና አይሰበሰብም፣ ዘይት መስሎ አሬራው ውስጥ ይቀራል። ቅቤው መምጣቱን ከድምፁ እለየዋለሁ። መጀመሪያ ወፍራምና የታፈነ ነው፤ ቅቤው ሲለይ ይቀጥናል፣ ጨልጨል ይላል፣ በመሐሉም የተሰበሰበው ግድግዳውን ድብ ድብ ሲያደርግ እጅ ላይ ይሰማል። ያኔ በቀዳዳዋ ሰንበሌጥ እሰዳለሁ። ጥቃቅን ቅቤ ተለጥፎበት ከወጣ ገና ነው፤ ንጹሑን ከወጣ ቅቤው ተጠቃሏል ማለት ነው። ሰዓት ቢሉኝ ከ1 ሰዓት ያንሳል ብዬ አልዋሽም።

ቅቤውን በቀዝቃዛ ውኃ ውኃው እስኪጠራ አጥባለሁ። በውስጡ የቀረች አሬራ ናት ቅቤን በሳምንት ውስጥ የምታበላሸው፣ እሷ እስክትወጣ በእጄ እያሸሁ አወጣታለሁ። አሬራውን ለአይብ እጥደዋለሁ፤ ፍሙ ደካማ ይሆናል፣ አይፈላም፣ አይማሰልም። ጣት ገብቶ በሚታገሠው ሙቀት ቀስ እያለ ከአንድ ሰዓት ባላነሰ ይንሳፈፋል። በትልቅ እሳት የተቸኮለ አይብ ጎማ ይሆናል። 8 ሊትሩ አንድ ኪሎ ገደማ አይብ ይሰጣል፤ አጓቱ የጥጃዋ ነው። አይብን የመሰለ ነገር ከማይረባ ከሚመስል ቀጭን አሬራ ሲወጣ ባየሁ ቁጥር ተመስገን ሳልል አላልፍም።

በጾሙ ምኑንም አልቀምስም። የምትቀምስልኝ የላይ ቤቷ ልጅ ናት፣ እርስዎ ለእናቴ ይቀምሱላት እንደነበረው። አሬራው ከረረ፣ አይብ ጨው አነሰው ትለኛለች፣ እሷን አምኜ እሠራለሁ። አይቡንም ቀድመው የሚወስዱት እነሱው ናቸው። በረመዳን ደግሞ ለማፍጠሪያቸው የእርጎው ዕቃ ከእኛ ቤት እንዲወጣ ተነጋግረናል። ይኸው ነው እማማ፣ ፈቃድዎ ከሆነ። ዱአዎም አይለየን።

ተመለስኩልሽ። ፊታቸው እንዴት ሆነ? ዝም ካሉ መልካም ነው፤ «እንዴ!» ካሉ ግን ለዛሬ ትተሽው ነገ ከቡና በኋላ፣ በረካው ላይ አንሺላቸው። አንቺ ታውቂበታለሽ፣ ስንቱን ነገር ያስፈቀድሽልኝ በበረካ አይደል?

አንቺስ የላስቲክ ወተት እየቀደድሽ ነው አሉ። አልፈርድብሽም፣ ሥራሽም ልጆችሽም አያስቀምጡሽም። ግን አንድ ነገር ልበልሽ፣ ካስከፋሁሽም ታገሺኝ። እማማ ባለፈው ለታች ቤቶቹ ሲደውሉ «ልጄ እዚህ ደስ የሚላት ነገር የለም» ማለታቸውን ሰማሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጽፍልሽ አስብና ምን እንደምል ይጠፋኛል። ምክር አይደለም የምጽፍልሽ። ለገና ልጆቹን ይዘሽ ነይ፤ ጥጃዋ ያኔ ከእናቷ እየሮጠች የምታመልጥበት ጊዜ ነው፣ ልጆቹ ይያዟት። ጠዋት አብረን እናልባለን፣ ከሰዓት አዝዋ ገደል ላይ ወጥተን ከተማውን ቁልቁል እናያለን። ማውራት ካሰኘሽ ታወሪያለሽ፣ ካላሰኘሽም ገንቦውን እየተፈራረቅን እንንጣለን፤ ያ ሥራ ብዙ ወሬ አይፈልግም።

ቤታችሁን ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ፣ ደኅና ነው። ጓሮ ያለው ጌሾ አድጓል፣ ጤና አዳሙም አለ፣ ከሱ ለቡና እየቀነጠስን ነው፤ እማማ ሐላል ይበሉን።

ቅቤውን በተመለከተ፣ አንድ ኪሎ ለማውጣት ከ16 እስከ 20 ሊትር ወተት ይሄዳል፤ በጾሙ ጊዜ 8 ኪሎ ቢገኝ ነው፣ ከዚያ 2 ኪሎው የእማማ ነው። አላከራከርሽም። አሁን የምትነግሪኝ ሦስት ነገር አለ፦ ቁልፉ ማን ጋ ነው? ውታፏ ከገንቦው ጋር አለች ወይስ ሌላ ላስጠርብ? ቅቤውስ ለጋውን ነው የሚሹት ወይስ የተነጠረ? ለጋውን ካሉ አንቺ ራስሽ መጥተሽ ትወስጂዋለሽ እንጂ በአውቶቡስ አልልክም፤ እዚህ ብርድ ነው ብለን ብናሽገውም ከሚሴንና ሸዋ ሮቢትን ሲያልፍ ቀልጦ ሻንጣ ያበላሻል። የተነጠረ ከሆነ ግን ክዳኑ የሚጠብቅ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ በሚመጣ ሰው እልካለሁ። ኮረሪማ፣ እርድና አብሽ አለኝ፤ ኮሰረቱን ይብዛ ወይስ ይነስ የሚለውን ከእማማ ጠይቀሽ ጻፊልኝ።

ያንቺው፣
የደሴዋ