እናቴ ድሪያዋን ሳትለብስ ያደረችበት ሌሊት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ጉዳዩ በረጅም በረራ ላይ፣ ቢዝነስ ክላስ ውስጥ ልብስ ስለመቀየር ነው። ለብዙ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን በዚህ ምክንያት እናቴ አንድ ሌሊት ሙሉ ስትሰቃይ አይቻለሁና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

እናቴ 70 ዓመት አልፏታል። ጉልበቷን ያማታል። ዋሽንግተን የሚኖረው ወንድሜ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ እሷ እንድትገኝለት ፈለገ። ያን ሁሉ መንገድ ቁጭ ብላ አትችለውም ብሎ፣ ስንት ወር አጠራቅሞ የቢዝነስ ክላስ ትኬት ቆረጠልን። ወንበሩ ሲዘረጋ አልጋ ይሆናል፣ እግሯን ዘርግታ ትተኛለች ብሎ ነው።

እማዬ የሰው አገር በቤት ልብስ አልሄድም ብላ አዲሱን የሐበሻ ቀሚሷን ለበሰች። ወገቡ ጠበቅ ያለ ነው፣ ጥልፉም ይከብዳል። ድሪያዋን፣ ያን ሰፋ ያለ ቀላል የቤት ቀሚሷን፣ እኔ በእጅ ቦርሳዬ ያዝኩላት። የድሬና የሐረር ሰው ለምን እንደያዝኩላት ሳልነግረው ይገባዋል። እኛ ጋ ሰው ከውጭ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ልብስ መቀየር ነው። ወንዱ ሽርጡን ያገለድማል፣ ሴቷ ድሪያዋን ታጠልቃለች። እንግዳ ሲመጣ እንኳን «ሽርጥ ስጡት፣ ይረፍ» ይባላል። ግን ሳሎን መሀል ቆሞ ሱሪውን የሚያወልቅ ሰው የለም። ጓዳ ገብቶ፣ መጋረጃ ስቦ፣ ቀይሮ ይወጣል።

ከቦሌ ተነስተን የቀበቶው መብራት እንደጠፋ ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ብድግ አለ። ሸሚዙን ፈታታ። ብርድ ልብሱን ወገቡ ላይ ጣል አደረገና ሱሪውን እዚያው ማውለቅ ጀመረ። ብርድ ልብሱ ወደቀ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ወደ መስኮቱ ዞረች። ብዙ ቆየች እንደዚያ።

ሰውየው ክፉ አይመስለኝም። ስንወርድ ሻንጣዬን ከላይ ያወረደልኝ እሱ ነው። መብራቱ ደብዘዝ ሲል ማንም አያየኝም ብሎ ይሆናል። ወንበሩ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ሰው የራሱ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ግን ግድግዳ የለውም። አንዳንድ አዳዲስ አውሮፕላኖች ወንበሩን የሚከልል በር አላቸው፣ እኛ የተሳፈርንበት ግን ሁለት ሁለት ሆኖ የተደረደረ ነው። አጠገብህ ሰው አለ፣ ማዶም ሰው አለ፣ ሆስተሶቹም ይመላለሳሉ።

እራት ከተነሳ በኋላ «እማዬ፣ ነይ ድሪያሽን ልበሺ» አልኳት።

«እዚህ? እንደዚያ ሰውዬ? ተይኝ ልጄ።»

ሽንት ቤት ገብተሽ ነው፣ በር አለው፣ ይቆለፋል ብላት አልሰማ አለች። አውሮፕላን ውስጥ ልብስ መቀየር ማለት ለእሷ ያ ያየችው ነገር ሆኖ ቀረ። በዚያ ጠባብ ቀሚስ አደረች። አልጋው ተዘርግቶላት እንኳን ቀሚሴ ይገለጣል ብላ ጋደም አላለችም። መሄጃው ደግሞ ለነዳጅ መሀል ላይ ስለሚያርፍ ከመመለሻው ይረዝማል። ስንደርስ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት። ወንድሜ በዊልቸር ስትወጣ ሲያያት ደነገጠ። ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው እኮ ይሄ እንዳይሆን ነበር።

ልብስ መቀየር ቅንጦት ነው የሚል ሰው ካለ ይህን ያስብልኝ። ሰው ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ሲቀመጥ ደም ከእግር ወደ ላይ እንደልብ አይመለስም። ወገብና ጭን ላይ የሚያጣብቅ ልብስ ያባብሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። አደጋው በቁጥር ትንሽ ነው፣ እንደ እናቴ ላሉ ትልልቅ ሰዎች ግን ችላ አይባልም። የአየሩም ነገር አለ። ድሪምላይነር በሚባለው አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው ያደርግሃል። ይህ ከሐረር ከፍታ ብዙም አይርቅም። የድሬ ሰው ያን ያህል ሰዓት ሐረር ወጥቶ እንደመቀመጥ ነው፣ ያውም በጣም በደረቀ አየር። ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስና ካልሲ ያስፈልገዋል። አንዳንድ አየር መንገዶች፣ ለምሳሌ ቃንታስና ኳታር፣ በረጅም በረራቸው ለቢዝነስ ክላስ ተሳፋሪ ፒጃማ የሚያድሉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ፒጃማ ለብሶ በሰው መሀል ማለፍ ነውር ነው ከሚሉት ጋር አልስማማም። ሽርጥም ድሪያም ንጹህና የተሸፋፈነ እስከሆነ ድረስ ማንንም አያሳፍርም። ከፍያለሁ፣ እንደፈለግኩ እሆናለሁ የሚለውንም አልቀበለውም። አጠገቡ ያለችው ሴትዮም ተከፍሎላታል።

ሽንት ቤቱ ጠባብ እንደሆነ አውቃለሁ። ክርንህ ግድግዳ ይመታል። ግን ይቻላል፣ አድርጌዋለሁ። የምትለብሰውን ብቻ በትንሽ ቦርሳ ይዘህ ግባ፣ መጀመሪያ የሚለበሰው ከላይ ይሁን። የመቀመጫውን ክዳን ዝጋና ቦርሳውን እዚያ ላይ አስቀምጥ። ወለሉን በባዶ እግር ወይም በካልሲ አትርገጥ፣ እርጥበቱ ሁልጊዜ ውሃ አይደለም። በአንዳንዱ ሽንት ቤት ከግድግዳ የሚወርድ ትንሽ መቆሚያ ሰሌዳ አለ፤ ካገኘህ እሱ ላይ ቁም። ጃኬትና ካልሲ ወንበር ላይ ቢወልቅ የሚቀየመው የለም። ከዚያ የሚያልፈው ሁሉ ግን በር ይዘጋበት።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። መብራት ከመጥፋቱ በፊት፣ ምግብ የሚገፋበት ጋሪ መተላለፊያውን ሳይዘጋ ሂዱ። የቀድሞውን ልብስ መልሳችሁ ለመልበስ ደግሞ ማረፊያው እስኪቃረብ አትጠብቁ። በመጨረሻው ሰዓት ሁሉም ፊቱን ሊታጠብ ይነሳል፣ ውስጥ ከረባት የሚያስር ሰው ካለ ወረፋው ይቆማል። አዛውንትና ልጅ የያዘች እናት ሽንታቸውን ይዘው ሲጠብቁ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። ጫማ ግን ሲነሳና ሲያርፍ ከእግር አይውለቅ። ክፉ ነገር ቢመጣ በባዶ እግር አይሮጥም።

ስንመለስ ነገሩ ተለወጠ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ቀጥታ ነው፣ 13 ሰዓት ገደማ። አንዲት ወጣት ሆስተስ እማዬ ወገቧን እየነካካች መቁነጥነጧን አየች። አጎንብሳ በጆሮዋ «እማማ፣ ቀለል ያለ ልብስ ይዘዋል? እኔ እወስድዎታለሁ፣ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ» አለቻት። እኔ ያን ሁሉ ለምኜ እምቢ ያለችኝ እናቴ ተነስታ ተከተለቻት። ልጅቷ መጀመሪያ ወለሉን በሶፍት ጠረገችላት። እማዬ ድሪያዋን ለብሳ፣ ቀሚሷን አጣጥፋ ይዛ ወጣች። ሳትቀመጥ በፊት መረቀቻት። ከዚያ ተኛች። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳትነቃ ተኛች፣ እኔ እየነቃሁ አያት ነበር።

አየር መንገዶችን የምለምነው ይህንኑ ነው። ስለ ቀበቶና ስለ ሲጋራ በድምጽ ማጉያ ይነገራል። «ልብስ መቀየር የምትፈልጉ መጸዳጃ ቤቱን ተጠቀሙ፣ እርዳታ የምትፈልጉ ሆስተሶቹን ጠይቁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም ቢጨመር ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ዛሬ በዚህ ክፍል የሚሳፈረው ነጋዴና ባለሥልጣን ብቻ አይደለም። ልጆቻቸው ትኬት የቆረጡላቸው፣ አውሮፕላን አይተው የማያውቁ እናቶችና አባቶችም አሉ። እነሱ አያውቁም፣ ለመጠየቅም ያፍራሉ።

ውጭ ያላችሁ ልጆችም፣ ትኬቱን ስትልኩ ይሄን በስልክ ንገሯቸው። የት እንደሚቀየር፣ በሩ እንዴት እንደሚቆለፍ፣ መጥሪያው የቱ እንደሆነ። የኛ ወንድም ስለ ሻንጣ ኪሎ አስር ጊዜ ደውሏል። ስለዚህ ግን እሱም አላሰበም፣ እኔም አልነገርኳትም።

እማዬ ለሚቀጥለው ፋሲካ እንደገና ልትሄድ ነው። ቦርሳዋን ከአሁኑ አዘጋጅታለች። ድሪያዋን ከላይ አድርጋዋለች፣ ከሥሩ አንድ ሽርጥ አለ። «ለማን ነው?» ብላት «እንደዚያ ሰውዬ ያለ ካጋጠመኝ እሰጠውና ሽንት ቤቱን አሳየዋለሁ» አለችኝ።

አንዲት አንባቢ
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ