ልጆቻችን በክብሪት ቀፎ የሚማሩት ሒሳብ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። በቅርቡ በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሱና «ልጄ የክብሪት ቀፎ ስትለቅም ነው የሰነበተችው፤ ሒሳቡን መቼ ነው የምትማረው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። እዚያው መልስ ሰጥቻቸዋለሁ። ግን እንደ እሳቸው የሚያስቡ ብዙ ወላጆች ይኖራሉ ብዬ በጋዜጣችሁ በኩል ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

የምንሠራው ግራፍ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ባዶ ቀፎ ያመጣና ስሙን ይጽፍበታል። የተወለደበትን ወርም ቤት ጠይቆ ይመጣል። መልሱ ሁልጊዜ ወር አይደለም። «ለመስቀል ሰሞን» ወይም «በጥምቀት ማግስት» ተብሎ የሚመጣ አለ፤ እሱ ቀላል ነው። «ረመዳን ላይ» የተባለ ካለ ግን የተወለደበትን ዓመት ይዘን ማስላት ግድ ይለናል፤ ረመዳን በየዓመቱ ቀደም እያለ ይመጣልና።

ከዚያ ረጅሙን ጠረጴዛ ግድግዳው ጋ እናስጠጋለን። ከመስከረም እስከ ጳጉሜ የ13ቱን ወራት ስም ጠርዙ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። ልጆቹ ተራ በተራ እየወጡ ቀፏቸውን በየወራቸው ላይ ይደራርባሉ። አንድ ቀፎ አንድ ልጅ ነው። የትኛው ወር እንደበለጠ ከኋላ ወንበር የተቀመጠውም ያየዋል።

ዘንድሮ የጳጉሜ ቦታ ባዶ ቀረ። አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ በጳጉሜ ሰው አይወለድም እንዴ?» አለች። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ «አክስቴ በጳጉሜ ነው የተወለደችው» ብሎ ተከራከረ። ሌላው ዝም ብሎ ቆየና «ጳጉሜ እኮ ትንሽ ናት» አለ። እውነቱን ነው። ሌሎቹ ወራት ሠላሳ ሠላሳ ቀን ሲኖራቸው ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። በአምስት ቀን የሚወለደው በሠላሳ ቀን ከሚወለደው ማነሱ አይቀርም። ይህ የስምንት ዓመት ልጅ ያሰበው ነገር ትልልቆቹንም ያመልጠናል። ቁጥር እናያለን፤ ከስንት ውስጥ እንደሆነ ግን አንጠይቅም።

ቀፎ የመረጥኩት መጠኑ እኩል ስለሆነ ነው። ሦስት ድንችና አምስት ባቄላ ጎን ለጎን ብትደረድሩ የድንቹ ሰልፍ ይረዝማል። ልጅ ደግሞ የሚያየው ርዝመቱን ስለሆነ «ድንቹ ይበዛል» ይላችኋል። ቤት ውስጥ ስትሞክሩ ቆርኪ ከሆነ ሁሉም ቆርኪ ይሁን። ሰልፉም ከአንድ መስመር ይነሳ።

ከባዱ መጠየቁ ነው። «በጥር ስንት ልጅ ተወለደ?» ስትሏቸው ቶሎ ቆጥረው ይመልሳሉ። «ጥር ከሐምሌ በስንት ይበልጣል?» ሲባል ግን ብዙዎቹ የጥርን ቁጥር ነው የሚነግሯችሁ። ጥር 8 ቀፎ፣ ሐምሌ 5 ቀፎ ካላቸው «ስምንት!» ይላሉ። እኔ ያኔ ረጅሙን ማስመሪያ ከሐምሌ አናት ላይ በአግድም እይዝላቸውና «ከማስመሪያው በላይ የቀረውን ቁጠሩልኝ» እላለሁ። ሦስት ይሆናል። ለአባትየው ያሳየኋቸውም ይህንኑ ነው። ከ8 ላይ 5 መቀነስን ልጃቸው በዓይኗ አይታዋለች፤ በእጇም ነክታዋለች።

እንዲህ ቁጥርን በርዝመት የሚያሳየው ባር ግራፍ ገና ሲጀመርም በእጅ ባለው መረጃ ነው። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1786 ባሳተመው ሥራ የስኮትላንድን ንግድ በዚህ መንገድ ያሳየው የአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ስለነበረው ነው። የዓመታቱን ለውጥ በመስመር ለመሳል አልበቃውም፤ ስለዚህ ከስኮትላንድ ጋር ለሚነግደው ለየሀገሩ ባር ሠራለት።

ወደ ደብተር የምንሄደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንድ ካሬ ለአንድ ልጅ፣ ከታች የወራቱ ስም፣ ከጎን ከዜሮ የሚነሳ ቁጥር፣ ከላይ ርዕስ። ቀፎውን የደረደረ ልጅ ይህን ለመሥራት ብዙም አይቸገርም።

ለሥራ ባልደረቦቼ ሁለት ነገር ልበል። «ቁርስ ምን በላችሁ?» ብለው ግራፍ የሚጀምሩ መምህራን አሉ። እኔ አልጠይቅም። ሳይበላ የመጣው ልጅ ቀፎውን የት ያስቀምጥ? ስለ ጫማም ሆነ ስለ ቤታቸው አልጠይቅም። የልደት ወር፣ የሚወዱት ቀለም፣ የጠዋቱ አየር ይበቃናል። ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። እኔ ባስተማርኩባቸው መጻሕፍት የመረጃ አያያዝ ምዕራፍ ወደ መጨረሻ አካባቢ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ሰኔ ላይ ፈተና ሲደርስ ይዘለላል። ለምን ከመስከረም አንጀምርም? በየጠዋቱ አንድ ልጅ ወጥቶ ፀሐይ፣ ደመና ወይም ዝናብ በሚለው ላይ አንድ ካሬ ይቀባል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ወሩ ሲያልቅ ግድግዳው ላይ ይቆያል፤ ኅዳር ላይ ከመስከረሙ ጋር ጎን ለጎን ሲያዩት ክረምቱ መውጣቱን ልጆቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ከእናንተ ከአዘጋጆቹም የምለምነው አለኝ። ለልጆች በምትሰጡት ቦታ ላይ አልፎ አልፎ አንዲት ትንሽ ግራፍ አውጡልን። የሽንኩርት ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ የዝናብ መጠን ሊሆን ይችላል። ብቻ ቁጥሩ ከዜሮ ይነሳ። ከ50 ብር በሚጀምር ግራፍ ላይ 60 ብር የነበረው 70 ሲገባ ባሩ እጥፍ ይሆናል፤ ልጅ ቀርቶ አዋቂም ይሳሳታል። ርዕሱን ደግሞ ባዶ ተዉልን። ክፍል ውስጥ እንለጥፈውና ልጆቹ አይተው ያውጡለት።

ከአክብሮት ጋር፣
የ2ኛ ክፍል መምህርት፣ ከደሴ