ትኩሳቱን ሁሉ በባክቴሪያው ላይ አትለጥፉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ኢንፌክሽን ባወጣችሁት ጽሑፍ ትኩሳቱን ሁሉ ከባክቴሪያው የመጣ አስመስላችሁ አቅርባችኋልና አንድ ነገር ልጨምር። እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ውጫዊ ሽፋን ላይ ኢንዶቶክሲን የሚባል መርዝ አለ። ባክቴሪያው ቢሞት እንኳ ስብርባሪው ጣጣ ያመጣል። የመከላከያ ሴሎቻችን መርዙን ቲኤልአር4 በተባለ ተቀባይ ይለዩታል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ብሩስ ቦይትለር ይህን እ.ኤ.አ. በ1998 በአይጦች አሳይቶ፣ በ2011 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት አንዱ ሆኗል።

ከዚያ ሴሎቹ ቲኤንኤፍና ኢንተርሊውኪን-6 የተባሉ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። ትኩሳቱን የሚያስነሱት እነሱ ናቸው፤ ማለትም የራሳችን ሰውነት ነው! ኢንተርሊውኪን-6 ጉበትን ሲቀሰቅስ ሲአርፒ የተባለ ሌላ ፕሮቲን በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ ያሻቅባል። ሲአርፒ ግን ብግነት (የሰውነት መቆጣት) መኖሩን እንጂ የትኛው ጀርም እንደሆነ አይናገርም። ጽሑፋችሁ ይህን ዘሎታል።

አንድ አንባቢያችሁ