የመኪና መጽሔት ሲጠፋ መካኒኩ ምን ያንብብ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ኅትመት ውጤቶች መመናመን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው ይህን የምጽፈው። ጽሑፉ የፖለቲካ ጋዜጦችን፣ የስፖርትና የኪነ ጥበብ መጽሔቶችን አንስቷል። የመኪና መጽሔቶችን ግን አልነካም። እኔ መካኒክ ነኝ። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ከደሴ ይወርዳሉ። የእነዚህ መጽሔቶች መጥፋት ለእኛ ለባለሙያዎቹም፣ መኪና ገዝቶ ለሚነዳውም ሰው የሚያጎድለው ነገር ስላለ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የመኪና መጽሔት ዕድሜው ከመኪና እኩል ነው ማለት ይቻላል። የእንግሊዙ አውቶካር በ1895 ነው የተጀመረው (የውጭዎቹን ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የአሜሪካዎቹ ሆት ሮድ በ1948፣ ሞተር ትሬንድ በ1949 ወጡ። የጣሊያኑ ኳትሮሩዎቴ በ1956 ተከተለ። ለብዙ አሥርት ዓመታት መኪና መግዛት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መጽሔት መሸጫ ነበር።

ከዚያ ኢንተርኔት መጣ። በ2019 መጨረሻ ላይ አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ከነበሩት 22 የመኪና መጽሔቶች የ19ኙን ኅትመት በአንድ ጊዜ እንደሚያቆም አስታወቀ። የጀርመኑ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር፣ አዳክ፣ ሞቶርቬልት የሚባል መጽሔቱን በየወሩ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ያሳትም ነበር። ከ2020 ጀምሮ በዓመት አራት ጊዜ ብቻ ሆነ። የጥገና መጻሕፍት በማሳተም የሚታወቀው የእንግሊዙ ሄይንስም በዚያው በ2020 አዲስ የጥገና መጽሐፍ በወረቀት እንደማያወጣ ተናገረ። ይህን ስሰማ በጣም ነው ያዘንኩት። በእነዚያ መጻሕፍት ሥዕል ሥራ የተማሩ መካኒኮችን አውቃለሁ።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። አንባቢው በነፃ የሚያገኘውን ነገር በገንዘብ መግዛት አቆመ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። መጽሔቶቹን ያቆያቸው ግን የአንባቢው ሳንቲም ብቻ አልነበረም፣ ማስታወቂያው ጭምር ነው። የኩባንያዎቹ ማስታወቂያ ወደ ጉግልና ወደ ፌስቡክ ሄደ። የሚሸጥ መኪና ማስታወቂያም ወደ ድረ ገጽ ሄደ። እንግሊዝ ውስጥ መኪና የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚገዛው አውቶ ትሬደር የሚባል መጽሔት ነበር፤ በ2013 ኅትመቱን አቁሞ ሙሉ በሙሉ ድረ ገጽ ሆነ። እኛ ጋ ይህ ሥራ ድሮም የደላላ ነበር። አሁን ደላላው ቴሌግራም ላይ ገብቷል።

እነዚህ የፈረንጅ መጽሔቶች ኮምቦልቻን ምን አገባቸው የሚል ሊኖር ይችላል። በደንብ ያገባቸዋል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገራችን ዋናው ወደብ አሰብ ነበር። መንገዱም በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ በኩል ነው የሚያልፈው። ኤንትሬ ከነተሳቢው በየቀኑ እዚህ ይቆም ነበር። ቴስታታ የሚያወርደው፣ ባሌስትራ የሚቀይረው፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) የሚፈታው እዚሁ ነው። ሾፌሮቹ ከአሰብ ሲመለሱ፣ ወይም ከአዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሲገዙ፣ አንዳንድ መጽሔት ለመካኒክ ወዳጃቸው ይዘው ይመጡ ነበር። ጣሊያንኛውን ወይም እንግሊዝኛውን አንብቦ የሚረዳው ጥቂት ሰው ነው። ሥዕሉን ግን ሁሉም ያነበው ነበር። ካምቢዮ መሀል ለመሀል ተቆርጦ፣ እያንዳንዱ ጥርስና ኩሽኔታ በየቦታው ተሥሎ ይታያል። ሥራ ያስተማሩኝ አለቃዬ እንዲህ ዓይነት አንድ ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ነበር። ማርሽ ሲገባ የትኛው ጥርስ ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ላይ ነው።

ግን ናፍቆት ብቻ ሆኖብኝ አይደለም። መጽሔት ምን ማድረግ ይችል እንደነበር የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ እሱን በደንብ ልንገራችሁ።

ስዊድን ውስጥ ተክኒከንስ ቨርልድ የተባለ መጽሔት አለ። በዚያ አገር ከፈረስ የሚተልቅ ቀንዳም የዱር እንስሳ ከጫካ ወጥቶ ድንገት አስፋልት ላይ ይቆማል። ስለዚህ የመጽሔቱ ሰዎች መኪና ሲሞክሩ አንድ ልዩ ፈተና አላቸው። ሹፌሩ በፍጥነት እየመጣ ፍሬን ሳይዝ መሪውን ወደ ግራ ይሰብራል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ቀኝ ይመልሳል። በ1997 መርሴዲስ ቤንዝ ገና ያወጣትን ትንሿን ኤ ክላስ እዚህ ፈተና ውስጥ አስገቧት። ተገለበጠች። ኩባንያው መጀመሪያ ላይ ፈተናውን አጣጣለ። ፎቶው ግን ዓለምን ዞረ። በመጨረሻ መርሴዲስ ሽያጩን ለጊዜው አቆመ፤ የተሸጡትንም ጠራ። መኪናው ሲንሸራተት እያንዳንዱን ጎማ ለብቻው በፍሬን የሚይዘውን ኢኤስፒ የተባለ መቆጣጠሪያ ለሁሉም ኤ ክላስ ገጠመ። እስከዚያ ድረስ ይህ ነገር ውድ መኪኖች ላይ ብቻ የሚገኝ ነበር።

በ2016 ደግሞ ይኸው መጽሔት ቶዮታ ሃይሉክስን ሞከረ። መኪናው በአንድ ጎኑ ሁለት ጎማ ብቻ ቆመ። ቶዮታም በኋላ ማስተካከያ አደረገ። እንግዲህ ሃይሉክስ ማለት ከሐርቡ እስከ ከሚሴ ባለው መንገድ ስንቱ ሰው የሚነዳው መኪና ነው። እዚያ መንገድ ላይ ግመል ይገባል፣ ከብት ይገባል፣ ልጅ ይገባል። ሹፌሮቻችን በየቀኑ መሪ ይሰብራሉ። ስዊድን ውስጥ የተደረገው ፈተና የእኛን ሰው ሕይወት በቀጥታ ይመለከታል።

ይህን ፈተና ያደረጉት ጋዜጠኞች ናቸው። መኪናውን የሚያስመጣላቸው፣ መሞከሪያ ሜዳውን የሚያዘጋጅላቸው፣ ደመወዛቸውን የሚከፍላቸው መጽሔት ግን ከኋላቸው ነበር። ኩባንያው ሲቆጣ የሚቆምላቸው አዘጋጅ ነበራቸው። ስልኩን እንጨት ላይ አቁሞ "ቤተሰብ፣ ላይክና ሼር አድርጉ" የሚል ልጅ ይህ የለውም። ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም። መኪናውን ያዋሰው ሻጩ ራሱ ከሆነ ምን ሊል ይችላል?

ወደ ጋራዡ ልመለስ። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ቪትዝ ይዞ መጣ። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ካምቢዮዋ ሲቪቲ የሚባለው ነው፤ እንደ ድሮው በጥርስ ሳይሆን በሁለት ፑሊና በብረት ቀበቶ የሚሠራ። ዘይቱም የራሱ ነው። ልጁ ግን "ማንኛውም የአውቶማቲክ ዘይት ይሆናል፣ ብራችሁን አታባክኑ" የሚል ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ አይቶ ሌላ ዘይት አስሞልቷል። ዘይቱን ስናፈሰው የብረት ብናኝ ይዞ ወረደ። ካምቢዮው አልቆለታል። መኪናዋን የገዛው ቤተሰቡ ተበድሮ ነው። ቪዲዮውን አሳየኝ አልኩት። ስልኩን ይዞ ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣው። ተሰርዟል። ማን እንደሠራው አያውቅም፣ ስሙንም አያስታውስም። እንግዲህ ይህ ልጅ ለማን አቤት ይበል?

መጽሔት ሁሉ ንጹሕ ነበር እያልኩ አይደለም። ቅድም ያነሳሁት የጀርመኑ ማኅበር በ2014 ትልቅ ቅሌት ውስጥ ገብቷል። የአንባቢዎች ተወዳጅ መኪና ብሎ ሲሸልም ከ3 ሺህ ጥቂት የሚበልጠውን ድምፅ ከ34 ሺህ በላይ አድርጎ አቅርቦ ነበር። አንድ ጋዜጣ አጋለጠው። የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ሥራውን ለቀቀ፤ የማኅበሩ ፕሬዚዳንትም ወረደ። ውሸት እዚያም ነበረ። ስም ያለው፣ ወንበር ያለው፣ ሲያጠፋ ከወንበሩ የሚነሳ ሰውም ነበረ። እኔን የሚያስጨንቀኝ የዚህ ሁለተኛው መጥፋት ነው።

ዩቲዩብንም አልጠላም። ዳሽቦርድ ሳይሰበር እንዴት እንደሚፈታ፣ የአንድ ሴንሰር ሽቦ በየት በኩል እንደሚያልፍ በቪዲዮ ማየትን የሚያህል የለም። በዚህ ወረቀት አይወዳደርም። የእጅ ሥራን ማሳየት ሌላ፣ መኪናን መዝኖ ፍርድ መስጠት ሌላ።

ደግሞ ኔትወርክ የሚባል ነገር አለ። በእኛ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ መብራቱም ስልኩም ጠፋ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ የሚገለጥ ነገር የነበረን ዘይት የጠጡ አሮጌ የጥገና መጻሕፍት ብቻ ናቸው። ሁሉን ነገር ስልክ ውስጥ ማስቀመጥ ለአዲስ አበባ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ሲጠፋ አይተነዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና በብዛት እየገባ ነው። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ ስክሪናቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ በቻይንኛ ነው። ገዢው ማስጠንቀቂያ ሲበራ ምን እንደሚል አያውቅም። እኔም አላውቅም። ከኩባንያው የሚላክ መጽሐፍ ቢኖር እንኳ በአማርኛ አይደለም። መኪናው በዚህ ልክ ተለውጦ ሳለ የሚያስረዳን ኅትመት የጠፋው ልክ በዚህ ሰዓት ነው።

የፈረንጅ መጽሔት ቢገኝም ሁሉንም አይመልስልንም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተርም በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይፈልግ ምንም አይቀንስም። ይህን ለደሴ ገዢ የነገረው ማን ነው?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎን ዳገት እንውሰድ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ የከፍታው ልዩነት ግን ከ600 ሜትር ያልፋል። 1,800 ኪሎ የምትመዝን የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትበላለች። ይህ ሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስኬድ ኃይል ነው፤ ከመደበኛው ፍጆታ ላይ የሚጨመር። ስትወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን እየያዘ ከዚያ ላይ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ነገር ግን ደሴ ላይ ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልተህ ከተነሳህ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበል ቦታ የለም። ያኔ መኪናውን የመያዝ ሸክሙ ሁሉ የሚወድቀው ፍሬኑ ላይ ነው። የፍሬን ሸራ በረጅም ቁልቁለት ሲግል ምን እንደሚሆን የሐረጎ ሹፌር ያውቃል። ስለዚህ ለመውረድ ሲሉ ባትሪውን ጥቂት አጉድሎ መነሳት ይሻላል። ይህ ትንሽ ምክር ነው። ግን ይህን የሚጽፍልን የስዊድንም የጀርመንም መጽሔት የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በወር አንድ ጊዜ አንድ ሙሉ ገጽ ለመኪና ስጡን። ሙሉ መጽሔት ይታተም አልልም፤ ወረቀት ከውጭ የሚገባ ነው፣ ዋጋውን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አንድ ገጽ ይበቃል። ገጹ ላይ በየወሩ አንድ መኪና በእኛ መንገድ ይፈተሽ፤ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከነጭነቱ። ስንት እንደበላ፣ ፍሬኑ ምን ያህል እንደጋለ፣ መለዋወጫው እዚህ ይገኝ እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ። ኮምቦልቻ ውስጥ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፣ ደሴ ውስጥ የወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ። የሚለካም የሚያስረዳም መምህር አይጠፋም። መለዋወጫ ሻጮች ማስታወቂያ ያወጣሉ ብዬ አምናለሁ። አደራ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማስታወቂያ የከፈለው ሰው ፍተሻውን አይጻፍ፣ ቀድሞም አያንብበው። 

የመጀመሪያውን ጽሑፍ እኔ አዘጋጃለሁ። ስለ ሐረጎ ቁልቁለትና ስለ ፍሬን ሸራ ነው የምጽፈው፤ ስለ ከባድ መኪናውም፣ ስለ ቅጥቅጡም፣ ስለ ኤሌክትሪኩም። ክፍያ አልፈልግም። ስሜና የጋራዤ አድራሻ ግን ከጽሑፉ ሥር ይውጣ፤ ያልተስማማ ሰው መጥቶ ይሞግተኝ። ሁለቱንም በተለየ ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መካኒክ፣ ከኮምቦልቻ