ከመንጠቆው ጀምሪ፣ ዘንጉ ይቆይ

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ለዓሣ ማጥመጃ ምን ልግዛ ብለሽ የጠየቅሽኝን በጽሑፍ መመለሱ ይሻላል ብዬ ነው፤ ቁጥር የበዛበት ነገር በስልክ አይያዝም።

ፎቶውን የላክሽልኝ ዘንግ ያምራል። ግን ደመወዝሽን አሁን እሱ ላይ አታውዪው። ሰው ሁሉ ከዘንግ ይጀምርና መንጠቆ ላይ ሲደርስ ሱቅ ያገኘውን አንስቶ ይሄዳል። መሆን ያለበት በተገላቢጦሽ ነው። የትኛውን ዓሣ እንደምትፈልጊ ለዪ፤ የሚበላውን እወቂ፤ ለአፉ የሚሆን መንጠቆ ምረጪ፤ ክሩና ክብደቱ ያንን ይከተላሉ። ዘንግ የመጨረሻው ነው፣ ለአምባዛማ፣ ለዚያ ጢማም ዓሣ፣ ጭራሽ ላያስፈልግሽ ይችላል።

ደሴ አጠገብ ባለው፣ ስሙም ሐይቅ በሆነው ሐይቅ ላይ ከዳር ቆመሽ የምታገኚው በዋናነት ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚሉት) እና አምባዛ ነው፣ ካርፕም አለ። ቆሮሶ ለሐይቁ እንግዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው የተጨመረበት። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል፣ ከዳሩም ብዙ ሳትርቂ ቶሎ ይወርዳል። ስለዚህ ለቆሮሶ ሩቅ መወርወር ከንቱ ድካም ነው። እሱ የሚውለው ፊላና ደንገል አጠገብ፣ ብርሃን በሚደርስበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነው። ከዳሩ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ይበቃሻል።

የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው። የጀማሪ ስህተት ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ትልቅ ዓሣ በትልቅ መንጠቆ ይያዛል ይባልና ቆሮሶው ዳር ዳሩን እየለቀመ ምግቡን ጨርሶ ይሄዳል። 8 ወይም 10 ቁጥር መንጠቆ ግዢ። አቆጣጠሩ ግራ እንዳያጋባሽ፦ ከ1 ወዲያ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል፣ 10 ከ8 ያነሰ ነው። 1/0፣ 2/0፣ 3/0 የሚባሉት ግን ቁጥራቸው ሲጨምር እነሱም ይተልቃሉ። አውራ ጣትሽ ጥፍር ላይ ጫፉን ቀስ አድርገሽ ሳቢው፤ ከያዘ ስል ነው፣ ከተንሸራተተ ዱልዱም ነውና በቀጭን ሞረድ አሹይው ወይም ጣይው። አዲስ ከፓኬት የወጣም ዱልዱም ሆኖ ይገኛል።

ለሱ የሚሰካው ምግብ ሊጥ ወይም የመሬት ትል ነው። ለሊጡ አንድ የሻይ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት ከሩብ ብርጭቆ የተወቀጠ የኑግ ፋጉሎ ጋር ቀላቅይ፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርሽ ጠንከር አድርገሽ እሺው። ትንንሽ ድብልብል ሠርተሽ የፈላ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ አቆዪው፣ ሲበርድ እንደገና እሺው። ጥሬ ሊጥ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፣ የተቀቀለው ግን ይለጠጣል። አሁንም ከመንጠቆው ከወደቀ ቁንጥር ጥጥ በጣትሽ በትነሽ አብረሽ እሺበት፤ ጭረቱ ይይዘዋል። የምትሰኪው የሽምብራ ፍሬ የምታህል ብቻ ናት፣ የመንጠቆው ጫፍም በጥቂቱ ይታይ። እንጀራ መንጠቆ ላይ አይቆይም፣ ውሃ እንደጠጣ ይበተናል። ዓሣ ለመሰብሰብ ግን ፍርፋሪው ጥሩ ነው። ከሱ የሚሻለው የጠላ አተላ ነው፦ ከአፈር ጋር ለውሰሽ፣ ብርቱካን በሚያክል መጠን ሁለት ሦስቱን ተንሳፋፊሽ (ዓሣ መንካቱን ውሃ ላይ ሆኖ የሚያሳይሽ ቡሽ) የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ጣይ። ከዚያ በላይ አትጣይ፣ ጠግበው መንጠቆሽን ይንቁታል።

ትሉን ፍግ ከተከመረበት እርጥብ መሬት ቆፍሪ። ክዳኑ በተበሳ ጣሳ ውስጥ፣ ከራሱ አፈር ጋር፣ ጥላ ላይ ይቀመጥ። ፀሐይ ላይ ከዋለ ሞቶ ይቀልጣል፣ የሞተ ትል ደግሞ መንጠቆ ላይ አይቆምም።

ክሩ 0.20 ወይም 0.25 ሚሊ ሜትር ናይለን ይሁን። 0.25ቱ ወደ አምስት ኪሎ ይይዛል፣ ለቆሮሶ ከበቂ በላይ ነው። ዘንግ ካልሽ ከሦስት እስከ አራት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ደረቅ ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ በቂ ነው፣ ክሩም በዘንጉ ልክ ይሁን። ተንሳፋፊውን ከጠርሙስ ቡሽ ሥሪው፤ ሙሉ ቡሽ አታድርጊ፣ ሩቡን ብቻ። ከሥሩ ትንሽ የእርሳስ ብረት ቁራጭ እየጨመርሽ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሞክሪው፤ ከውሃው በላይ የጣት ጥፍር ያህል ብቻ ሲቀር አቁሚ። ቆሮሶ ምግቡን ሲጎትት የቡሹ ክብደት ከተሰማው ወዲያው ይተፋዋል። ተንሳፋፊው እየዘለለ ሳይሰምጥ ከቀረ ወይ ቡሹ ትልቅ ነው፣ ወይ መንጠቆው። ወደ ጎን መንሸራተት ሲጀምር የእጅ አንጓሽን ብቻ ከፍ አድርጊ። ክንድሽን ከወረወርሽ ከንፈሩ ይቀደዳል። ከመንጠቆ እስከ ተንሳፋፊ በአንድ ሜትር ጀምሪና ካልነካ በስንዝር በስንዝር አስረዝሚ።

ቋጠሮውን አትናቂ፤ ዓሣ ከሚያመልጥባቸው ቦታዎች ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፊ፣ ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ ጠምጥሚ፣ ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ክፍተት መልሰሽ አሳልፊው፣ ከዚያም በተፈጠረው ትልቅ ቀለበት ውስጥ አስገቢው። ከማጥበቅሽ በፊት በምራቅ አርጥቢ። በደረቁ ከሳብሽው ናይለኑ እርስ በርሱ ተፋግቶ ይግላል፣ ያ ቦታ ሳይታይሽ ይደክማል። ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ ትርፉን ሦስት ሚሊ ሜትር አስቀርተሽ ቁረጪ። ጥምጥሙ እርስ በርሱ ላይ ከወጣ ፈትተሽ አታስተካክዪው፣ ቆርጠሽ እንደገና እሰሪ።

አምባዛ ሌላ ዓለም ነው። ዓይኑ ደካማ፣ ጢሙና የማሽተት ችሎታው ግን ብርቱ ነው፤ የሚበላውም በብዛት ማታ፣ ከታች መሬቱ ላይ ነው። የዶሮ አንጀት፣ የከብት ሳንባ፣ የቆሮሶ ቁራጭ ይወዳል። ጉበትም ይበላል፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ በውርወራ ይወድቃል፤ በልብስ ስፌት ክር አስር ጊዜ ያህል ጠምጥመሽ እሰሪው። አንጀቱን ጨው ነስንሰሽ ብታሳድሪው ይጠነክራል። ሳሙና ወይም ነዳጅ በነካው እጅ ግን ምግቡን አትንኪ። መንጠቆው 2/0 ወይም 3/0 ይሁን፣ ዋናው ክር 0.40። አፉ ውስጥ እንደ ሻካራ ወረቀት የሚፈገፍግ የጥርስ ድርድር ስላለው፣ ከመንጠቆው በላይ ያለው 40 ሳንቲ ሜትር 0.50 መሆን አለበት። ሁለቱን ክሮች የምታገናኘው ተሽከርካሪ ቀለበት አትቅር፤ አምባዛ ሲያዝ ይንከባለላል፣ ያለ እሷ ክሩ ተጠማዝዞ ዳግም አያገለግልም።

ለክብደት እርሳስ ቤት ውስጥ እንዳታቀልጪ፣ ጭሱ መርዝ ነው። ጋራዥ ሄደሽ በ24 ቁልፍ የሚፈታ አሮጌ ዳዶ ለምኚ፤ ሠላሳ ግራም ገደማ ነው፣ ለሐይቁ ይበቃል። ከዋናው ክር ጋር በቀጥታ አትሰሪው። አንድ ትንሽ ቀለበት ዋናው ክር ላይ ከተሽከርካሪዋ በላይ እንዲሮጥ አድርጊ፣ ዳዶውን በቀጭን 0.20 ክር እዚያ ላይ አንጠልጥዪው። አምባዛው ምግቡን ይዞ ሲሄድ ክሩ በቀለበቱ ውስጥ ይሮጣል፣ ክብደቱ አይሰማውም። ዳዶው ድንጋይ ውስጥ ከተቀረቀረ ደግሞ ቀጭኗ ክር ብቻ ትበጠሳለች።

ለዚህ ዘንግ አያስፈልግም ያልኩሽ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ስላለ ነው። ጠንከር ያለውን መርጠሽ 50 ሜትር ክር ጫፉን አስረሽ ጠምጥሚበት። በአንድ እጅ የጠርሙሱን ታች ይዘሽ አፉን ወደ ውሃው አዙሪ፣ በሌላው ዳዶውን አወዛውዘሽ ልቀቂ፤ ክሩ እየተፈታ ይሄዳል። መጀመሪያ ግን ከኋላሽ ማንም አለመቆሙን እዪ። ክሩ በዝግታ ሳያቋርጥ መሮጥ ሲጀምር ሦስት ቆጥረሽ በኃይል ሳቢ። ብዙ ከጠበቅሽ ይውጠዋል፣ መንጠቆው ከሆዱ አይወጣም። ክሩን ጣትሽ ላይ አትጠምጥሚ፣ ይቆርጣል።

አውጥተሽ ካበቃሽ በኋላም ቶሎ አይሞትም፣ አየር መተንፈስ ይችላል። ከጭንቅላቱ በስተኋላ በእርጥብ ጨርቅ ያዢው፤ በግራና በቀኝ ክንፎቹ ላይ ያሉት እሾሆች እጅ ይወጋሉ። መንጠቆውን በፒንሳ እንጂ በጣት አታውጪ። ቆሮሶ አፍ ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት ካየሽ እናቲቱ ናትና መልሺያት፤ አፏ ውስጥ ታሳድጋቸዋለች።

ሌላው አጭር ነው። ከመሄድሽ በፊት ተሁለደሬ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድና ስለተከለከሉ ቦታዎች ጠይቂ። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ዳርቻ አትጠጊ። እዚያ አካባቢ ቢልሃርዝያ ስላለ እግርሽን ውሃ ውስጥ አትንከሪ። የአምባዛውን ማታ ደግሞ ከወንድምሽ ጋር እንጂ ብቻሽን አልፈቅድም፤ ዳሩ ቁልቁል ነው፣ የኮምቦልቻ መኪናም በዚያ ሰዓት አይገኝም።

መንጠቆዎቹንና ተሽከርካሪዎቹን እኔ ከደሴ ገዝቼ ቅዳሜ በሚኒባስ እልክልሻለሁ። አንቺ ጠርሙሱንና ዳዶውን አዘጋጂ። ክሩን ስትገዢ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የቆየ ጥቅልል እንዳይሰጡሽ፤ አንድ ክንድ ያህል ፍቺና በድንገት ሳቢው፣ በቀላሉ ከተበጠሰ መልሺላቸው።

አባትሽ
ደሴ