የፊልም ክበብ ዘገባ፦ «ልጆቹን ምን እያሳየህ ነው?»

በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከምንም በላይ የተጠየቅሁት ይህን ነው። በወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ ተጠየቅሁ። ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አባት በር ላይ አስቁመው ጠየቁኝ። መምህራን ክፍል ሻይ እየጠጣን በቀልድ መልክ ተጠየቅሁ፤ ቀልድ ግን አልነበረም። ስለዚህ ከመልሱ ልጀምር።

ያሳየኋቸው «ትዊን ፒክስ» የሚባል የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ነው። የፈጠሩት ዴቪድ ሊንችና ማርክ ፍሮስት ናቸው። ኤቢሲ በተባለው ጣቢያ የጀመረው መጋቢት 30 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 8 ቀን 1990 መሆኑ ነው። በዚያው ጣቢያ ሠላሳኛውና የመጨረሻው ክፍል የታየው ሰኔ 3 ቀን 1983 ዓ.ም. ነበር። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ምን ላይ እንደነበረች ለወላጆች መንገር አያስፈልገኝም። የፈረንጅ ድራማ የሚታሰብበት ጊዜ አልነበረም። እኛ ዘግይተን ደረስን እንጂ ሌላው ዓለም ስለዚህ ድራማ ማውራት አላቆመም፤ ቢያቆም ኖሮ አላስቸግራችሁም ነበር።

ታሪኩ የሚሆነው በዋሽንግተን ግዛት፣ በካናዳ ድንበር አካባቢ ባለች አንዲት የእንጨት መሰንጠቂያ ከተማ ነው። ሎራ ፓልመር የምትባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በፕላስቲክ ተጠቅልላ ውኃ ዳር ሞታ ትገኛለች። የትምህርት ቤቱ ቆንጆ ነበረች። ለአቅመ ደካሞች ምግብ የምታደርስ፣ ሁሉም የሚወዳት ልጅ። ነገሩን እንዲያጣራ ኩፐር የሚባል የኤፍቢአይ መርማሪ ይላካል። ኩፐር ቡና አፍቃሪ ነው፤ በማስረጃ ብቻ ሳይሆን በሕልምም ይመረምራል። ግንድ አቅፋ የምትዞር ሴትዮ አለች፤ ግንዱ ያየውን ይነግራታል። ከዚህ በኋላ ታሪኩን ማሳጠር አይቻልም፤ ሞክሬ አውቀዋለሁ።

ለምን ይህን መረጥክ ለሚለው ደግሞ፦ በ2016 በየሳምንቱ አንድ አንድ ፊልም እያየን፣ በሳምንቱ ረስተነው እንመጣ ነበር። ልጆቹ በስልክ የሚያዩት ነገር ሁሉ በደቂቃ ያልቃል። እስቲ አንድ ነገር ላይ ዓመቱን ሙሉ እንቆይ ብዬ ነው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ተመዘገቡ። መጀመሪያ ላይ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር አይሄድም» የሚለው ብዙ ነበር። ቃና ላይ የቱርክ ድራማ እያዩ ያደጉት ግን ቶሎ ነቁ። የዚያች ከተማ ሰዎች ራሳቸው ቴሌቪዥን ላይ አንድ የፍቅር ድራማ ይከታተላሉ፤ ድራማው ደግሞ የእነሱኑ ኑሮ ይመስላል። ይህን ከእኔ በፊት ያዩት ልጆቹ ናቸው።

ስብሰባዎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ተገናኘን። ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ተመረጡ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ። መብራት ካለ አንድ ክፍል አየን፤ ከሌለ ያለፈውን ተከራከርን። በክበባት ቀን ፖስተር ለጠፍን። አንድ ልጅ ከየት እንዳመጣው የማላውቀው የባሕር ዛፍ ግንድ አምጥቶ የክበቡ አባል ይሁን አለ፤ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። ቀሪው ፋይል ውስጥ አለ።

ድክመታችንንም ልናገር። ሊንች ገዳዩ እንዲታወቅ አይፈልግም ነበር። ጣቢያው ገፋፋው፤ ኅዳር 1 ቀን 1983 ገዳዩ ታወቀ፤ ከዚያ ተመልካቹ ሸሸ፣ ጣቢያውም ድራማውን ዘጋው። የእኛም ክበብ እዚያው ቦታ ላይ ሳሳ። «አወቅነው፣ በቃ» ብለው የቀሩ አሉ። የሴሚስተር ፈተናም ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉትን ደካማ ክፍሎች ተከፋፍለው አይተው ለሌላው እንዲተርኩ አደረግሁና ወደ መጨረሻው ክፍል ዘለልን። አንዳንዶቹ ተራኪዎች፣ በእውነት ለመናገር፣ ከድራማው ይሻላሉ።

አሁን ወደ ቀዩ ክፍል ልሂድ። ይህን ዘገባ የምጽፈው ለዚያ ቀን ስል ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ኩፐር በሕልሙ ዙሪያው በቀይ መጋረጃ የተከበበ፣ ወለሉ ጥቁርና ነጭ ዚግዛግ የሆነ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ቀይ ሱፍ የለበሰ አጭር ሰው አለ። ሲናገር ቃሉ ይገባል፤ ግን ከሰው ጉሮሮ የወጣ አይመስልም። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ሲሠሩት ግን አበሳ ነው። ተዋንያኑ ንግግራቸውን ድምፅ በድምፅ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አጥንተው ይናገራሉ። እንቅስቃሴያቸውም እንደዚያው ነው። ከዚያ ቀረጻው ተገልብጦ ይታያል። አጭሩን ሰው ሆኖ የተወነው ማይክል አንደርሰን ብዙም አልተቸገረም፤ ተማሪ እያለ ከጓደኞቹ ጋር በዚህ ዓይነት ንግግር ሚስጥር ያወራ ነበርና።

ልጆቹ ይህን ሲሰሙ በአማርኛ ካልሞከርነው ብለው ተነሱ። ኩፐር ቡና ስለሚወድ ዓረፍተ ነገሩ «ቡና አለ?» እንዲሆን ተስማሙ። ኮምፒውተር ክፍል ገባን። ድምፅ የሚገለብጥ ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ኦዳሲቲ ይባላል። ሊቀ መንበራችን፣ ድምፁ ከሁሉ የሚጎላው ልጅ፣ ፊደሎቹን ከኋላ ጀምሮ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦ ለ፣ አ፣ ና፣ ቡ። በኩራት «ለአናቡ» አለና ቀረጸ። ፕሮግራሙ ሲገለብጠው የወጣው ድምፅ «ኡባናኧል» ነው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «የመልአክ ስም ነው፣ ተነሥታችሁ ቁሙ» አለ። ሊቀ መንበሩ ደጋገመው፤ ደጋግሞም ኡባናኧል መጣ። ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ተባለ። ይህ ኮምፒውተር የማይከሰስበት ነገር የለም፤ ብዙውንም ጊዜ እውነት ነው። ያን ቀን ግን ንጹሕ ነበር።

ከኋላ ወንበር አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ተነሣች። ስም ሲጠራ እንኳን ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ሰሌዳው ጋ ሄዳ ከሊቀ መንበሩ እጅ ጠመኔውን ወሰደች። አላስፈቀደችም። «ፊደሉን ነው የገለበጥከው፣ ድምፁን አልገለበጥክም» አለችው። «ቡ» ውስጥ ሁለት ድምፅ አለ፤ መጀመሪያ ብ፣ ከዚያ ኡ። ሲገለበጥ ኡ ይቀድማል። ስለዚህ እያንዳንዱን ፊደል ሰባብራ ጻፈችው፦ ብ፣ ኡ፣ ን፣ ኣ፣ ል፣ ኧ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ አነበበችው። «ኧላኑብ።» እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ «ነ»ን ጠበቅ አድርጋ። ማይክሮፎኑን ራሷ ያዘች።

ሲገለበጥ ኮምፒውተሩ «ቡና አለ?» አላት። የራሷ ድምፅ ነው፣ ግን ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጠራ ሰው። ለአፍታ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ የተነሣውን ጩኸት የሒሳብ መምህሩ ከላይኛው ፎቅ ሰምተው መጥተዋል። ሰርቪሶቹ ጥሩምባ እየነፉ ነው፣ ማንም አይወጣም። ሁሉም የራሱን ስም ሰባብሮ መጻፍ ጀመረ። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ስለ ተነባቢና አናባቢ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ልጆችም ሲያዛጉ ብዙ ዓመት አይቻለሁ። በአናባቢ ምክንያት ሰርቪስ ያመለጣቸው ተማሪዎች ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷን ማቆም አልተቻለም። የክበቡን አጭር ፊልም የመራችው እሷ ናት። ከካፌው ጀበናና ሲኒ ተዋስን። አንዷ ተማሪ ኮሪደሩ ላይ ወደኋላ እየተራመደች መጥታ ቡና ትቀዳለች፤ ሲገለበጥ እሷ ወደፊት ትሄዳለች፣ ቡናው ግን ከሲኒው ተነሥቶ ወደ ጀበናው ይገባል። አንዱ ቀረጻ ላይ የጥበቃ ሠራተኛችን መስኮቱ ውስጥ ታዩ፤ መስታወቱ ላይ ምስላቸው ዓርፏል። እንድገመው ስላቸው ልጆቹ እንቢ አሉ። ምክንያታቸውን ከድራማው አመጡ። ፍራንክ ሲልቫ የተባለው ሰው ተዋናይ አልነበረም፤ የቀረጻ ቦታ ዕቃ የሚያሰናዳ ነበር። አንድ ትዕይንት ላይ ሳይታሰብ መስታወት ውስጥ ታየ፤ ሊንች ቆርጦ በመጣል ፈንታ የድራማው አስፈሪ ገጸ ባሕርይ አደረገው። ስለዚህ ጋሼም አልተቆረጡም። አሁን ግቢው ውስጥ «አርቲስት» ነው የሚባሉት፤ እሳቸውም ቅር አላላቸውም።

ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ተከታታዩ ካለቀ በኋላ በ1992 እ.ኤ.አ. ሊንች «ፋየር ዎክ ዊዝ ሚ» የሚል ፊልም ሠርቷል። የሎራን የመጨረሻ ሰባት ቀናት ይከተላል። ካን ፌስቲቫል ላይ ቀዝቃዛ አቀባበል ነው የገጠመው፣ ገበያውም አልቀናውም። ዛሬ ብዙ ተቺ ከሊንች ምርጥ ሥራዎች ይቆጥረዋል። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ዕድሜው 17 ላልሞላው ያለ ወላጅ አይፈቀድም። እኔም ሙሉውን አላሳየሁም። አንዳንድ ወላጆች ሰምተው የተቆጡት ወሬ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብቻ፣ ወላጆቻቸው ደብዳቤ ፈርመው፣ ቀድሜ የመረጥኳቸውን ትዕይንቶች አዩ። የምክር አገልግሎት ባለሙያዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብራን ተቀምጣለች።

ለምን አስፈለገ? ሼሪል ሊ መጀመሪያ የተቀጠረችው አስከሬኑን ሆና እንድትተኛ ብቻ ነበር። በተከታታዩ ውስጥ ሎራ ባብዛኛው የግድግዳ ፎቶ ናት። ፊልሙ ላይ ግን ትናገራለች፣ ትፈራለች፣ እርዳታ ትፈልጋለች። በደሉ የሚደርስባት ቤቷ ውስጥ ነው። ይህን ሳልናገር ስለ ፊልሙ መጻፍ ስለማይቻል ያላያችሁ ይቅር በሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ላይ አንድ ዝርዝር ጻፍን፦ ከከተማው ሰው ማን ምን ያውቅ ነበር? ሐሳቡን ያገኘነው ከቀብሩ ትዕይንት ነው። ፍቅረኛዋ ቦቢ ለቀብር የወጣውን ሕዝብ ሁላችንም ነን የገደልናት ብሎ ይጮህበታል። ዝርዝሩ ረዘመ። ፍቅረኞቿ፣ ሐኪሟ፣ ጓደኛዋ። አንድ ተማሪ ዝርዝሩን ሲያይ ቆየና «ቲቸር፣ መምህራኖቿ የሉበትም። ለምንድነው?» አለኝ። ርዕሰ መምህሩ መሞቷን በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ እንደሚያለቅሱ ነገርኩት። «እሱማ ከሞተች በኋላ ነው» አለ። ምንም አልመለስኩለትም። በቀጣዮቹ ሳምንታት የባለሙያዋን ቢሮ ያንኳኩ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ምን እያሳየሃቸው ነው ላሉኝ ግን ዋናው መልሴ ይኸው ነው።

ዴቪድ ሊንች በጥር 2017 ዓ.ም. ዐረፈ። ገና ድራማው ላይ ነበርን። የሙዚቃ ክበብ አባል የሆነ ልጃችን አንጀሎ ባዳላሜንቲ ለሎራ የደረሰውን ሙዚቃ በኪቦርድ ተጫወተው። አንዱ ቁልፍ አይሠራም፤ ዘለለው።

ከዚህ ትምህርት ቤት ተመርቆ ሲያትል የሚኖር ልጅ ዲስኮቹን በሰው ላከልን። ሲያትል የእኛ ሰው ብዙ ነው። የድራማው መክፈቻ ላይ የሚታየው ስኖኳልሚ ፏፏቴ ከዚያ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ልጁ በዚያ ስንት ጊዜ አልፏል፣ የ«ትዊን ፒክስ» መሆኑን ግን አያውቅም ነበር። ሄዶ ቪዲዮ ቀርጾ ላከልን። 82 ሜትር ነው፣ የጢስ ዓባይ እጥፍ ገደማ። ለልጆቹ ያልተዋጠላቸው ሌላ ነገር ነው፦ ፏፏቴው እዚያው አጠገብ ኃይል ማመንጫ አለው፣ መብራት ግን አልጠፋም።

እንግዲህ ወደ ንብረት። የፕሮጀክተሩ አምፖል በየካቲት ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ሁሉ ከሚኒ ሚዲያ በተዋስነው፣ ዳር ዳሩ በሚደበዝዝ ስክሪን አየን። ድምፅ ማጉያውም የእነሱ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። መስኮቱን የምንሸፍነው በጋቢ ነው። የእግር ኳስ ክበብ ዘንድሮ አዲስ ማልያ ከነካልሲው አግኝቷል። ከልቤ ደስ ብሎኛል። ከምድቡ አለማለፉ ሌላ ጉዳይ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ነገር እንፈልጋለን። አንደኛው የፕሮጀክተር አምፖል ነው፤ ዓይነቱን ቢሮዬ ግንዱ ላይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ። ሁለተኛው ለስድስት መስኮት የሚሆን ወፍራም መጋረጃ ነው። ቀለሙን አንመርጥም። ልጆቹ ግን ቀይ ብለዋል። ጨርቅ ያለው ወላጅ፣ ወይም መርካቶ የሚያውቀው ነጋዴ ያለው፣ ረቡዕ ከሰዓት ያገኘኛል። ጋቢዬንም ክረምቱ ሳይጠና ብታስመልሱልኝ ደስ ይለኛል።