ትራይፖድ ሁሉን ፎቶ አያድንም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። የፎቶ ዓምዳችሁን እወደዋለሁ፤ ባለፈው ግን ጀማሪ ሁሉ ከምንም በፊት ትራይፖድ (ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ይግዛ መባሉ አልተዋጠልኝም።

ፎቶ በእንቅስቃሴ የሚደበዝዘው ወይ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ነው፣ ወይ የሚነሳው ሰው ሲንቀሳቀስ። ትራይፖድ የሚያስቆመው ካሜራውን ብቻ ነው። የሚሯሯጥ ልጅ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ) ለ1/30 ሰከንድ ከፍታችሁ አንሱ እስቲ፤ ካሜራው ድንጋይ ላይ ቢታሰር እንኳ ከኋላ ያለው ግድግዳ ጥርት ብሎ ልጁ ጭስ መስሎ ይወጣል። እዚህ ላይ የሚያዋጣው አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርጎ ሹተሩን ወደ 1/500 ሰከንድ መውሰድ ነው። ፎቶው ትንሽ ቢሻክር ምን ችግር አለው? ፊቱ ከሚጠፋ ይሻላል።

በእጅ ለሚያነሳ የቆየች ስሌት አለች፦ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ከ1/50፣ በ200 ደግሞ ከ1/200 አትውረዱ። ሴንሰሩ (የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ክፍል) አነስ ካለ ፍጥነቱን ጨመር ማድረግ ነው። ሌንሱ ወይም ካሜራው ማረጋጊያ ካለው ደግሞ፣ የሚነሳው ነገር እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ፣ ከዚያም በታች መውረድ ይቻላል። ክርንን ጎን ላይ ለጠፍ፣ ትንፋሽን ለቀቅ፣ ቁልፉን ቀስ ብሎ ጫን፤ በቃ። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ካርቲዬ ብሬሶን እንኳ በጎዳና ፎቶው ዓለም ያወቀው ትንሿን ላይካ ካሜራ በእጁ ይዞ ነው።

ትራይፖድን እያጣጣልኩ አይደለም። የሌሊት ሰማይ፣ ጎህ ሲቀድ የሚነሳ ተራራ፣ ውሃው ለስልሶ እንዲታይ የሚፈለግ ፏፏቴ ያለሱ አይሞከሩም፤ ሹተሩ ለሰከንዶች ተከፍቶ ሲቆይ የማንም እጅ አይችለውም። ግን ስንቱ ነው መሃሉ ላይ ያለውን ዘንግ እስከ ጫፍ መዝዞ፣ ነፋስ ላይ አቁሞ፣ ከዚያ ቁልፉን በጣቱ ደቆስ የሚያደርገው! ዘንጉን ዝቅ፣ ሰዓት ቆጣሪውን 2 ሰከንድ ላይ፣ ሌንሱ የቆየ ከሆነ ማረጋጊያውን ማጥፋት። አንዳንዶቹ ሌንሶች ትራይፖድ ላይ ሲቀመጡ ራሳቸው ንዝረት ይፈጥራሉ። ቀሽም ትራይፖድማ ከእጅም ይብሳል።

የዓምዱን አዘጋጅ አንድ ነገር ልለምን፦ ከሚቀጥለው ጀምሮ በየፎቶው ሥር የሹተር ፍጥነቱንና በእጅ ይነሳ በትራይፖድ ጻፉልን። ጀማሪው መግዛት አለመግዛቱን ከዚያ አይቶ ይወስናል።

የዘወትር አንባቢያችሁ